ያልጠበበው ሱሪ

«ልጁን መጀመሪያ ያብሉት» ተባልኩ። እኔ! እህቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ የራሴን ሳህን እየገፋሁ የልጇን የሞላሁ ሴትዮ፣ ሰው ማብላት እንድማር ተመከርኩ። ደግሞ ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ ቢሆን ምን ነበረበት? የስፌት መኪና በተደረደረበት አዳራሽ መሀል፣ ሠራተኞቹ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው እየሰሙ ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የእህቴ ልጅ ቀጭን ነው። አልደብቅም፤ ብደብቅስ የት እደብቀዋለሁ? እናቱም ቀጭን ነበረች። አባታችንም በጎን ሲቆም የማይታይ ሰው ነበር። ዘራችን ነው። ሰፈሩ ግን ዘር አይቆጥርም፤ የልጁን የጎድን አጥንት ነው የሚቆጥረው። ልጁን «ክር» ብለው ስም አወጡለት፣ እኔን ደግሞ አፋቸው ባይደፍር በዓይናቸው «ቋጣሪ» አሉኝ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ እንኳ ባለሱቁ «ለልጁ ነው እማማ፣ ወይስ እንደተለመደው ለእርስዎ?» ይለኛል። ተፈጥሮ የሠራውን እኔ ልከሰስበት! የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይሄ ነው።

ክር የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርጊ ነው። ሌላው ሠራተኛ ጭንቅላቱን ማስገባት ያቃተው ኮርኒስ ውስጥ እሱ እንደ ድመት ሾልኮ ይገባና በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ልጅቷንም ያገኛት እዚያው ላይ ሆኖ ነው። የስፌት ቤቱን መብራት ሊቀይር ኮርኒሱ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ገመድ ሲስብ፣ በቀዳዳው ቁልቁል ቢያይ፣ አንዲት ልጅ ነጭ የሙሽራ ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ በደበዘዘው ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትታገላለች። ኮሽታ ሰማችና ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ውይ! ሰው አለ እንዴ እዚያ?» አለች። «እኔኮ ገመዱ ብቻውን የሚሄድ መስሎኝ!»

ልጄ ሳቀ። ሲስቅ የኮርኒሱ አቧራ እንዳለ ነጩ ልብስ ላይ ወረደ። ሌላዋ ብትሆን ጩኸቷ ሰፈር ይሰበስብ ነበር። እሷ ግን አቧራውን እፍ፣ እፍ አለችና አብራው ሳቀች። ያን ዕለት ልጄ የሰው ቤት መብራት አብርቶ ሲመለስ ራሱም በርቶ ነው የገባው።

ጭምት ልጅ ናት፤ እኔም ጭምቷ ነው የምላት። ችግሩ እናቷ ነበረች። ባለ ስፌት ቤቷ እሷው ናት፤ ትልቅ ሴት ናት፤ ሠራተኛ ቀጥራ የምታሠራ፣ ከነግቢው ቤት ያላት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ የጨረስኩ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ነኝ። ቢሆንም ማንንም አልፈራም። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ልጁን አስከትዬ፣ ልጅቷን ልጠይቅለት ሄድኩ።

ሴትዮዋ ልጄን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ንቀት ቢሆን ኖሮ መልሱን አውቅበት ነበር። ያየሁት ግን ፍርሃት ነው።

«እማማ፣ ልጁን መጀመሪያ ያብሉት» አለች። «እኔ አንድ ቀጭን ሰው ቀብሬያለሁ። ሳሉን በትራስ እያፈነ፣ መድኃኒቱን ኮቱ ውስጥ እየደበቀ፣ ‹ደህና ነኝ› እያለኝ ነው የሞተው። ልጄ የእኔን ዕድል አትወርስም። ልጁ ሰውነት ያውጣና ጤነኛ መሆኑን በዓይኔ ልየው። እስከዚያ እዚህ ቤት እንደ ደንበኛ ይምጣ፤ እንደ እጮኛ ግን አይምጣ። አንቺም አታናግሪው፤ የሥራ ነገር ካልሆነ።»

የመጨረሻውን ለልጇ ነው ያለችው። ጭምቷ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። መርፌዋ ውስጥ ግን ክር አልነበረም፤ ባዶ መርፌ ነው ጨርቁ ላይ የምታመላልሰው።

ቤታችን ልንደርስ ስንል ልጄ «እቴቴ፣ አሳፈርኩሽ አይደል?» አለኝ። እጁን ያዝኩት። መዳፌ ውስጥ እንደ ወፍ እግር ሆነብኝ።

*

«ታምሞም ከሆነ እንወቀው» ብዬ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሲስተሯ በዕድሜ ልጅ ብትሆንም የረጋች ናት። ደሙን አስመረመረች፣ ሳንባውን ራጅ አስነሣችው፣ አንገቱን ዳሰሰች፣ ሰገራውንም አላስቀረችም። ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል የሱሪው ኪስ ተንቋቋ።

«አውጣው» አልኩት።

«ምኑን እቴቴ?»

«ፒንሳውን! መፍቻውንም ጭምር! ሚዛን ልታታልል ነው?»

ሲስተሯ እስክትፈርስ ሳቀች። ውጤቱ ሁሉ ሲመጣላት ግን ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ ተናገረች። «ወንድሜ፣ ምንም የለብህም። ተፈጥሮህ ነው። ቀጭን መሆን በሽታ አይደለም። ጨመር ማድረግ ከፈለግህ ግን ይቻላል። ጠዋት ምን በልተህ ነው ከቤት የምትወጣው?»

«ሻይ።»

«ምሳ?»

«መሰላል ላይ ስለምሆን...»

«ማታስ?»

«ማታ እቴቴ የምታቀርብልኝን ሁሉ እጨርሳለሁ!» አለ፣ እኔን ላለማስወቀስ። ጎሽ የኔ ልጅ።

«ሆድ ጎተራ አይደለም፣ በአንዴ አይሞላም» አለችው። «ጠዋት ሳትበላ አትውጣ። ከፋፍለህ ብላ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ወተት፣ አቮካዶ፣ እፍኝ ኦቾሎኒ። ከምግብ በፊት ሆድህን በሻይ አትሙላው። ቀስ እያልክ ክብደት አንሣ፣ የበላኸው ጡንቻ እንዲሆን። እንቅልፍህን ጥገብ። ደግሞ ገበያ ውስጥ ‹ማወፈሪያ› እያሉ የሚሸጡትን ክኒን እንዳትነካ! ፊት ያሳብጥና ወፈርኩ ያሰኛል፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ ነው።» ከዚያ ልትሸኘን ስትነሣ እንዲህ አለች፦ «በየቀኑ ሚዛን ላይ እየወጣህ ልብህን አታድርቅ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰህ ና። እስከዚያ የሱሪህ ወገብ ይነግርሃል።»

ጥሩ ምክር ነው። ጉድ ያፈላብን ግን እሱ ምክር ነው።

ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን በልጄ ጉሮሮ ነው የሄደው። ጠዋት እንቁላልና ዳቦ፣ ረፋድ ላይ ኪሱ ውስጥ ኦቾሎኒ፣ ምሳ በሳህን ቋጥሬለት ባቄላና ሩዝ፣ ማታ ወተት። መጀመሪያ ላይ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይዘጋው ነበር። «እቴቴ፣ በቃኝ» ሲል «ማን ጠየቀህ?» እለዋለሁ። በኋላ እንኳን ሊዘጋው፣ ሌሊት ተነሥቶ ዳቦ ሲፈልግ ሰማሁት። ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች በር ላይ አቁሞ ያነሣል፣ ያወርዳል። ጎረቤት ያየዋል፣ ይስቃል። ይሳቅ።

እንደ ደንበኛ ይምጣ ተብሏልና ደንበኛ ሆነ። እንደዚያ ወቅት የዚህ ልጅ ሱሪ ተቀዶ አያውቅም። ያሉት የሥራ ሱሪዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱን ሲለብስ አንዱ ስፌት ቤት ነው። ፒንሳው ኪስ ይበሳል፣ መሰላሉ ጉልበት ይቀዳል፣ እነሱ ሥራ ሲፈቱ ደግሞ በገዛ ጣቱ ይቀደዋል፤ አይቼዋለሁ። ስፌት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ «አንቺ፣ ክር መጣልሽ! መርፌሽን አሹይ!» እያሉ ይንጫጫሉ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ሱሪውን ያስቀምጣል።

«ምን ሆኖ ነው?» ትለዋለች።

«ኪሱ።»

«እሺ። ሐሙስ።»

ይኸው ነው ወሬያቸው። ግን እሷ ሱሪውን ስትቀበል ቶሎ አትስበውም፣ እሱም ቶሎ አይለቀውም። እናት ወዲያ ማዶ በጠመኔ ጨርቅ ላይ እያሰመረች ታያለች፣ ያላየች ትመስላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የከበደን ሌላ ነበር። ልጄ ጠዋት ጠዋት ሱሪውን ታጥቆ አውራ ጣቱን በሱሪው ወገብና በሆዱ መሀል ያስገባል። ጣቱ ይገባል። ባለፈው ሳምንት እንደገባው፣ ባለፈው ወር እንደገባው። «ያው ነው እቴቴ» ይለኛል። ባለሱቁ «አንተ፣ ጉንጭ አበጀህሳ!» ቢለው ያላገጠበት መስሎት አኮረፈው። አንድ ቀን የኮርኒስ ቀዳዳ አላሳልፍ ብሎት «አጥብበህ ቆርጠህ ነው» እያለ ከአናጢው ጋር ሲጨቃጨቅ ዋለ። እኔም በየቀኑ የማየው ልጅ ነውና ዓይኔ ለመደው፤ መለየት አቃተኝ። ሱሪው ነበር ዳኛችን። ዳኛው ደግሞ አልፈርድ አለ። ወደ ሲስተሯ መመለሻው ጊዜ ደርሶ አለፈ። «ምን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ቀረ።

«ሰውነቴ እምቢ ካለኝስ?» አለኝ አንድ ጠዋት፣ እንቁላሉን ሳይነካ። «እሷን እስከ መቼ ላስጠብቃት እቴቴ?»

እንቁላሉ ፊቱ ቀዘቀዘ። «ብላ» ማለት ልማዴ ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ሳህኑን አነሣሁለት።

*

ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ሳይነግረኝ አደረገው። እኔ ያወቅሁት የስፌት ቤቱ ሠራተኛ በወረቀት የተጠቀለለ ሱሪ በር ላይ ሰጥታኝ፣ ዓይኔን ሳታይ የሄደች ቀን ነው። ፈታሁት። ኪሱ እንደተቀደደ ነው። ወገቡ ላይ ግን በላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ነጭ ክኒን በስፒል ተሰክቷል። ቃል የለ፣ ሰላምታ የለ። ስፒል ብቻ።

ልጄ ከሥራ ሲገባ ዘረጋሁለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከኪሴ ማውጣት ረስቼ...» አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማወፈሪያው ነው።»

«ውጠሃል?»

«አልዋጥኩም። አወጣዋለሁ፣ ሲስተሯ ያለችው ትዝ ይለኛል፣ እመልሰዋለሁ። ጠዋት ደግሞ ጣቴን አስገባለሁ፣ እንደገና አወጣዋለሁ። እቴቴ ትሙት አልዋጥኩም!»

በእኔ ነፍስ አይቀልድምና አመንኩት። ሳልሰድበው በፊት ግን ሱሪውን ጥሎ ወጣ። ሮጦ የሄደው ወደ እሷ ነበር። ሲመለስ ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። የሆነውን ቆራርጦ ነገረኝ። ጭምቷ በር ድረስ ወጥታ፣ ሴቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው፣ «የምን መድኃኒት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱ የማወፈሪያ ነው ለማለት አፈረ። ወንድ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት!

«እና ምን አልካት?»

«‹ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ› አልኳት።»

ራሴን ያዝኩ። «አንተ የተረገምክ! ከዓለም ቃል ሁሉ መርጠህ እሱን? የሟች አባቷን ቃል?»

ያኔ ነው የገባው። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተከደነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ሥጋ አመጣለሁ ብሎ ልጅቷን ጣላት።

«በቃ» አለ። «ሩቅ አገር የመስመር ዝርጋታ ሥራ አለ፣ ሰው ይፈልጋሉ። እሄዳለሁ። እሷም ጤነኛ ሰው ታግባ።»

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሲስብ ጀርባውን አየሁት። እንደ ልጅነቱ ላዝለው አማረኝ። እንዴት አድርጌ፤ እኔ ጎብጬ፣ እሱ ቆሞ።

*

በነጋታው እጁን ይዤ ስፌት ቤቱ ገባሁ። «ልትሄድ ከሆነ ፊቷ ቆመህ ተናግረህ ሂድ። ሌባ አላሳደግኩም» ብዬዋለሁ። ያቺን ሱሪ ክኒኑ እንደተሰካባት በክንዴ ይዣለሁ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ባለ ስፌት ቤቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና አለች። «ዛሬ የመጣው እንደ ደንበኛ ነው ወይስ እንደ እጮኛ?»

«ዛሬ እንደ ተከሳሽ ነው» አልኳት።

ጭምቷ ጥግ ላይ ቆማ የምትተኩሰውን ቀሚስ ተወችው። ዓይኗ አብጧል። ልጄ ወደ እሷ ሄደ፣ ግን መሀል ላይ ቆመ። በመሀላቸው የተቆራረጠ ጨርቅ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

«እንዳትጠብቂኝ ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አላት። «ለሥራ ሩቅ እሄዳለሁ።»

«ታምመሃል?» አለች፣ እሱ ያለውን እንዳልሰማች። «አንዴ ብቻ እውነቱን ንገረኝ። አባቴን ትራሱ ሥር ያገኘሁት እንደዚህ ያለ ስም የሌለው ክኒን ነበር። ‹ደህና ነኝ የኔ ቆንጆ› ይለኝ ነበር። ከታመምክ አስታምምሃለሁ፤ ስትሞትም አጠገብህ እሆናለሁ። ውሸቱን ግን አልችለውም። ሁለተኛ አልችለውም።»

«አልታመምኩም።»

«ክኒኑስ?»

ሴቶቹን አየ። ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ አዎ፣ በዚህ ዕድሜው ቆነጠጥኩት።

«የማወፈሪያ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። አንዷ ኪ... ብላ ጀመረች፤ እኔ ባየኋት ጊዜ ሳቋን ዋጠችው። «አንዱንም አልዋጥኩም። ግን ልውጠው ነበር። ምን ላድርግ? ስንት ወር በላሁ! እቴቴ የራሷን እየተወች አበላችኝ። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ፣ አነሣሁ፣ ተኛሁ። ሱሪዬ ግን ያው ነው! ጠዋት ጠዋት ጣቴን አስገባለሁ፣ ያው ነው። አንድ ክር እንኳ አልጨመርኩም። እናትሽ ልክ ናቸው። እኔ እንዲህ ሆኜ ነው የምቀረው፤ አንቺን ደግሞ በማይመጣ ነገር አስሬ...»

«ሱሪህ?» አለች። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«አዎ፣ ሱሪዬ!»

«ሱሪህን እኮ... ወገቡን የምለቅልህ እኔ ነኝ።»

ከክንዴ ላይ ሱሪውን ወሰደችና ወገቡን ገለበጠችው። የጀርባው ስፌት ሥር፣ ሰፊዎች ትርፍ ጨርቅ የሚያስቀሩበት ቦታ ላይ፣ የተፈታ የድሮ ስፌት ቀዳዳ አለ። ከእሱ አጠገብ ሌላ መስመር አለ። ከዚያም ሌላ። ያን ሱሪ በገዛ እጄ ያጠብኩት፣ በገዛ እጄ የተኮስኩት እኔ ነኝ! አንድም ቀን ወገቡን ገልብጬ አላየሁም።

«በመጣ ቁጥር የቁልፉ ክር ትንሽ ሳስቶ አገኘው ነበር» አለች። «ወገብህን ሊከረክርህ እንደሆነ ታየኝ። ጥቂት ለቀቅሁልህ። ሁለተኛውንም ሱሪ እንደዚያው። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሊጠብ ሲል አገኘሁት፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እንደገና ለቀቅሁት። አሁን ጨርቁ አልቋል፣ የሚለቀቅ የለውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የነገርኩህ መስሎኝ!» አለች። ያቺ ጭምት ልጅ ጮኸች። «እማዬ አታናግሪው አለችኝ። አፌን ነው የከለከለችኝ፣ እጄን አልከለከለችኝም። ስትለብሰው የሚገባህ መስሎኝ ነበር። ‹አየሁህ፤ እየመጣህልኝ ነው፤ እዚህ ነኝ› እያልኩ ነው እያንዳንዷን የሰፋኋት። ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤ የምሰጥህ መስሎኝ... አንተ ግን አንዱንም ሳታነብ!»

«እኔ ገመድ እንጂ ስፌት ማንበብ ማን አስተማረኝ?» አለ ልጄ። ሲጀምረው ሳቅ ነበር፣ ሲጨርሰው ግን ልቅሶ ሆነ። የተበተነውን ጨርቅ ረግጦ አለፈ። እሷም ሱሪውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማ ጠበቀችው። ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አደረገ። አዲሱን ትከሻውን ያን ጊዜ አየሁት፤ እጆቿ ከጀርባው ዞረው ለመገናኘት ሲታገሉ። ለካስ ልጄ ሰፍቷል! ለካስ ሰው ሆኗል! ሴቶቹ ጨርቅ እያነሡ ዓይናቸውን ጠረጉ። የደንበኛ ጨርቅ መሆኑንም ረሱት።

ዞር ስል ባለ ስፌት ቤቷ አጠገባችን ደርሳለች። ሱሪውን ከልጇ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። ጣቷን በቀዳዳዎቹ መስመር ላይ አስኬደች፤ በአንዱ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ሳጠብብ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ እማዬ?»

«የአባትሽን። ሱሪው ከወገቡ ሲወርድ ‹እስቲ አጥብቢልኝ› ይለኛል። አጠብብለታለሁ። ተመልሶ ሰፊ ይሆንበታል፤ እንደገና አጠብበዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሊነካኩ ደረሱ።» እንባዋ ሱሪው ላይ ጠብ አለ። «‹ደህና ነኝ› ሲለኝ ውሸቱን እንደሆነ እጄ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ስፌቱን እየደበቅሁ ‹አዎ፣ ደህና ነህ› እለው ነበር። በዚህ ቤት የምወደው ሰው ሱሪ በስፌት ሲጠብ እንጂ ሲለቀቅ አይቼ አላውቅም።»

ለዚህች ሴት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበር። ‹ያብሉት› ካለችኝ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እያሳመርኩ ያስቀመጥኩት፣ ቢነገር ጣራ የሚያነሣ። አጠገቧ ስቀመጥ አንዱም አልመጣልኝም። ክኒኑን ከነስፒሉ ነቅዬ መሀረቤ ውስጥ ቋጠርኩና፣ «ይሄ ለሲስተሯ ይደርሳል። አንተም አብረህ ትሄዳለህ፤ ሚዛኗ ላይ ትወጣለህ፣ ስድቧንም ቆመህ ትሰማለህ» አልኩት ልጄን።

«እሄዳለሁ እቴቴ» አለ፣ ከትከሻዋ ሳይነሣ።

«እኔም አብሬው እሄዳለሁ» አለች ጭምቷ። እናቷን አየች። ፈቃድ የምትጠይቅ ግን አልመሰለችም።

ሴትዮዋ ሁለቱን ቀና ብላ አየቻቸው። «ወድጄው ነበር እኮ» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ከመጀመሪያው ቀን ወድጄው ነበር። መልሼ እንዳልቀብር ብዬ ነው የፈራሁት። አሁንም እፈራለሁ እማማ። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ፤ ልቤ ይረጋጋ።»

እውነቷን ነው። ፍርሃቷ እውነት ነው። እኔም እህቴን ቀብሬያለሁ፤ ያ ፍርሃት ማታ ማታ የልጄን ትንፋሽ ሲያስቆጥረኝ ኖሯል። ግን ልብ ቁጭ ብሎ አይረጋጋም። እጇን ያዝኳትና ዓይን ዓይኗን እያየሁ እንዲህ አልኳት፦

«አልሰጥሽም። ስሚኝ ልጄ፣ ጊዜ የሚሰጥሽ ሌላ ፈልጊ። ያንን ሜትር ከአንገትሽ አውርጂ። ተነሺና ይህን ልጅ ለሙሽራ ሱፍ ለኪው፤ አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ። ደረቱን ለኪ፣ ትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ በእጅሽ ስሚው። ወገቡንም ለኪ፣ ሙቀቱን ንኪው። በሞተው ሰው ልክ አይደለም፣ በዚህ በቆመው ልክ! ትርፍ ጨርቅ ደግሞ እንዳትሰስቺ፤ ልጄ ገና ይበላል።»